ከወንበሩ ያልተነሳሁበት ቀን

ሪያድ ከተማ ውስጥ ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሐበሻ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። እስካሁን የመጣ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው፤ ሰው በሠራው ካልኮራ በምን ይኮራል?

ስለ ራሴ ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ደስ ባለኝ፤ ግን በደንብ የሚያውቀኝ ሰው እኔው ነኝ። የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት ከመኪና ጀርባ ላይ ነው። በልጅነቴ ኮምቦልቻን አቋርጠው የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ከኋላቸው ጥቅስ ይጻፍባቸው ነበር። አንዱን ማንበብ የሚችል ሰው ጠይቄ፣ ሌላውን ራሴ ገምቼ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ አንባቢ ሆንኩ። አረብኛም እንዲሁ ነው። ፊደሉን ከቁርአን ቤት ይዤው ነበር፤ ቋንቋውን ያስተማሩኝ ግን የሪያድ ሱቆች ናቸው፣ በሰሌዳቸው።

መኪና መንዳትም ማንም አላስተማረኝም። በወጣትነቴ በአሰብ መንገድ የተሳቢ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ጠዋት ሞተር ያሞቃል፣ ጭነት ይጠብቃል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ሌሎቹ ረዳቶች መንገድ ላይ ያንቀላፋሉ። እኔ ግን ሹፌሩ መንገዱን ሲያይ የሹፌሩን እግር አይ ነበር። ፍሪሲዮን መቼ እንደሚረገጥ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳያቃጥሉ በማርሽ እንዴት እንደሚወረድ ሁሉንም እዚያው ቀሰምኩት። ኋላ ኋላ ሹፌሩ የአፋር ሜዳ ላይ ስንደርስ መሪውን ለእኔ እየሰጠ ይተኛ ነበር። ሰው ተሳቢ ለማንም ሰጥቶ አይተኛም።

ከዚያ ዘመን አንድ ልማድ ተርፎኛል። ጠዋት ሹፌሩ ሻይ ቤት ሆኖ እኔ በእሱ ወንበር ላይ ሞተር አሞቃለሁ። እሱ ከሻይ ቤቱ ብቅ ሲል ግን በሩን ከፍቼ ዱብ ነው። ረዳት ሹፌሩ ፊት በሹፌሩ ወንበር ተቀምጦ መገኘቱ ድፍረት ነበር፤ በዚህ የተነሳ በጥፊ የተመቱ አውቃለሁ። እኔ አንድም ቀን አልተመታሁም። በዚያ መንገድ ላይ እንደ እኔ ፈጥኖ የሚወርድ ረዳት አልነበረም።

ከዚያ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ ባሕር ተሻገርኩ። ሪያድ ውስጥ ሙረባዕ በሚባለው አሮጌ ሰፈር የአንድ ግቢ ዘበኛ ሆኜ ዓመታት ቆጠርኩ። የግቢው ጌታ ከፊሌ ነው፤ ኢቃማዬን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የሚያሳድስልኝ አሠሪዬ። ጨዋ ሰው ነው። እናቱን እኛ ሠራተኞቹ ማማ ከቢራ እንላቸዋለን። ሰማንያን የዘለሉ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ምላሳቸው ግን ያላረጀ ሴት ናቸው።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ከፊሌ ወደ በሩ ክፍል መጣ። ተነሳሁ።

«ተቀመጥ፣ ያ ዐም» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

እሱ ቆሞ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ? ሁለታችንም ቆመን አወራን።

«ይህን ቤት ልንለቅ ነው። ወደ ሰሜን፣ አፓርታማ እንገባለን።»

«መብሩክ!» አልኩት፤ እንኳን ደስ አለህ ማለት ነው።

«አፓርታማው የራሱ ዘበኛ አለው። እኛን የሚቸግረን ለእናቴ ሹፌር ነው፤ የድሮው አገሩ ገብቷል። ሌላ ላስመጣ ስል እናቴ አንተን አለች። ሩኽሳ አለህ?» ሩኽሳ የሚሉት መንጃ ፈቃዱን ነው።

«የለኝም። መንዳት ግን ከብዙዎቹ የተሻለ እነዳለሁ።»

«ፖሊስ ሲያስቆምህ እንዲሁ ብለህ ትነግረዋለህ?» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወ። «ኢቃማህ ከረመዳን በፊት ያልቃል። እስከዚያ ሩኽሳ ካወጣህ ሥራህን ወደ ሹፌር አስቀይሬ አሳድስልሃለሁ። ካላወጣህ ኹሩጅ አስመትቼ በክብር አገርህ እሸኝሃለሁ።»

ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ነው፤ አንዴ ከተመታ ተመልሶ መግባት የለም። «በክብር» ያላትን ቃል ወደድኳት፤ መሸኘቱን ግን አልወደድኩትም። ምክንያቴ ልጄ ናት።

የመጨረሻ ልጄ ዐዚዚያ ሰፈር በአንድ ቤት ገብታ ትሠራለች። ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። እናቷ የፈቀደችላት እኔ እዚህ በመኖሬ ነው። መጀመሪያ የገባችበት ቤት ስልኳን ቀምተው ከሰው ቆርጠዋት ነበር፤ ከፊሌን ይዤ ሄጄ በራቸው ላይ ቆሜ ነው ያስወጣኋት። ይህንን ሌላ አባት ያደርገው ይሆን፣ አላውቅም፤ እኔ አድርጌዋለሁ። የአሁኑ ቤቷ ደህና ነው። ያም ሆኖ አርብ አርብ ከሰዓት በሜትሮ ሄጄ ካላየኋት ሳምንቱ ለሁለታችንም አይገፋም። በዚህ ትልቅ ከተማ ሌላ ዘመድ የላትም። እኔ ከሄድኩ፣ ነገ አንድ ነገር ቢገጥማት በሩን የሚያንኳኳላት ማን ነው?

በዚያው አርብ ነገርኳት። የተቀመጥነው የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነበር።

«አባ፣ ፈተናውን እንደምታልፍ እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ? ተሳቢ የነዳሁት ሰውዬ?»

«ሹፌሩ ተኝቶ ነው እኮ የነዳኸው። ስለዚህ ምስክር የለህም።»

«መኪናው ምስክሬ ነው፤ አልተገለበጠም።»

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ። «አባ፣ ቢመልሱህ እኔ እዚህ ብቻዬን...»

«ያላ፣ ብይ። ማንም አይመልሰኝም» አልኳት። በአጠገባችን ለተቀመጡትም እንዲሰማ አድርጌ፣ በአንድ ፈተና ሩኽሳ ይዤ እንደምመለስ ተናገርኩ።

መንጃ ትምህርት ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። በኮምፒውተር የሚሰጠውን የምልክት ፈተና በአረብኛ ተፈትኜ በመጀመሪያው አለፍኩ፤ ይህ ለእኔ ቁርስ ነው። ከዚያ መኪና ላይ ያስቀምጡሃል። መንዳት የምትችል ከሆንክ ጥቂት ተለማምደህ ወደ ዋናው ፈተና ትሄዳለህ፤ ካልቻልክ ከጀማሪዎች ጋር ረጅሙን ትምህርት ትማራለህ።

የሰጡኝ መኪና አውቶማቲክ ነበር። ፍሪሲዮን የለው፣ የሚቀያየር ማርሽ የለው፤ ግራ እግሬ ሥራ ፈት ሆነ። አስተማሪው፣ አንድ ቀጭን ሱዳናዊ፣ «መኮንኑ እስኪመጣ ፍሬን ይዘህ ጠብቅ» ብሎኝ ወረደ። ማርሹ መሄጃው ላይ ነው። ቀበቶ ገና አላሰርኩም። የሙሩሩ፣ የትራፊክ ፖሊሱ መኮንን፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ ወደ እኔ ሲራመድ በመስታወቱ አየሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላሰብኩበትም። በሩን ከፍቼ ዱብ አልኩ። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም!» አልኩ።

«ወዐለይኩም ሰላም» አለ መኮንኑ። «መኪናህ ግን ሄደ።»

ዞር ስል እውነትም እየሄደ ነው። ተሳቢ ቢሆን ኖሮ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ ጠፍቶ ባለበት ይቆም ነበር። ይህ ግን ጌታዋ እንደወረደላት በቅሎ፣ በሩን እንደከፈተ፣ በቀስታ መንገዱን ያዘ። አስተማሪው «ያ ሐጅ! ያ ሐጅ!» እያለ ሮጦ ዘሎ ሲገባበት ሁለት ቀያይ ኮኖች ጎማው ሥር ገብተው ነበር።

መኮንኑ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አባቴ፣ አስተዳደግህ ጥሩ ነው። ከጀማሪዎቹ ጋር ግባ» አለኝ።

በሚቀጥለው አርብ ልጄ ሁሉንም አወጣጣችኝ።

«መኪናው ብቻውን ነው የሄደው?»

«ብቻውን።»

«ቀጥ ብሎ?»

«በጣም ቀጥ ብሎ።»

«እንግዲያ ሩኽሳውን ለእሱ ይስጡት!» ብላ እስክታነባ ሳቀች። እንባዋን ስትጠርግ ቆይታ ግን፣ «አባ፣ ጊዜው ይበቃሃል?» አለችኝ። ረጅሙ ትምህርት አልቆ ዋናውን ፈተና የምቀመጠው ኢቃማዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። አንድ ጊዜ ከወደቅሁ ሁለተኛ ቀጠሮ እስካገኝ ጊዜው ያልፋል።

ስለ አነዳዴ የምለው ብዙ የለኝም፤ አስተማሪውን መጠየቅ ነው። በሁለቱ ስፖኪዮ ብቻ እያየሁ ወደ ኋላ ገብቼ በነጩ መስመር መሃል ስቆም፣ ከእኔ ጋር የሚማሩት ጎረምሶች ያጨበጭቡ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ አለቃ የሚመስል ሰው ወደ በሬ ሲመጣ፣ ገላዬ ከእኔ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይነሳል። እጄ ቀበቶውን ይፈታል፤ እግሬ ፍሬኑን ይለቃል።

«ያ ሐጅ፣ ከሥርህ ሞላ አለ እንዴ?» ይለኛል ሱዳናዊው። «በዋናው ፈተና መኮንኑ መነሻው መስመር ላይ መጥቶ በመስኮትህ ያነጋግርሃል። ቀበቶህን ከፈታህ ኸላስ፣ አለቀ፤ ሌላውን አያይልህም።»

«እናንተ ዘንድ ለሰው አይነሱም?»

«እኛም እንነሳለን። ከመኪና አይደለም!»

ልክ ነበር። ልማድ ግን በምክር አይለቅም፤ በልማድ ነው የሚለቀው። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን ያመጡት ግን ማማ ከቢራ ናቸው፤ ማመስገን ያለብኝን አመሰግናለሁ። ወሬውን ሰምተው ኖሮ አንድ ጠዋት በከዘራቸው የበሩን ክፍል መቱት።

«ና ውጣ። መኪናው ውስጥ ግባ። ሞተሩን እንዳትነካ።»

ግቢው ውስጥ በቆመው መኪና ገብቼ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከቤቱ ደጃፍ ተነስተው ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡ። አጠገቤ ሲደርሱ እኔ ወርጄ ቆሜያለሁ።

«ማን ተነስ አለህ?»

«ማማ፣ እርስዎን የሚያህሉ ሰው ቆመው...»

«እኔ ቆሜ አንተ ተቀምጠህ፤ ሥራው ይህ ነው። ሆስፒታል ደጃፍ ላይ አንድ እግሬን ሳወርድ አንተ አክብረኸኝ ዱብ ብትል፣ መኪናው ሌላውን እግሬን ይዞት ይሄዳል። ለቀብሬም እንዲሁ ትነሳልኝ ይሆናል! ግባ!»

እንደገና ገባሁ፤ እንደገና መጡ። ያን ጠዋት በዚያ መኪና ዙሪያ የዞሩትን ያህል በእግራቸው ከሄዱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። አንዴ ራሳቸውን ሆነው፣ አንዴ ድምፃቸውን አጎርንነው ሙሩር ሆነው ይመጣሉ። መስኮቱን በከዘራ እየቆረቆሩ «ወረቀትህን! ቀጥ ብለህ ተቀመጥ! ወዴት ነው የምትነሳው?» ይላሉ። አሠሪዬ በጩኸቱ ወጥቶ «እናቴ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ሲል፣ «ፈተና ላይ ነን፤ አትረብሸን» ብለው መለሱት።

እንዲያ መቀመጥ እንዴት እንደከበደኝ ያላየው ሰው አይገባውም። በእኔ አገር አዛውንት ቆሞ እያነጋገረህ መቀመጥ ስድብ ነው። ከብዙ ጠዋቶች በኋላ ነው ለአክብሮቴ ሌላ ማደሪያ ያገኘሁለት። እግሬ ከፍሬኑ፣ እጄ ከመሪው ሳይላቀቅ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። ማማ ከቢራ ይህን ያዩ ዕለት ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «አሁን ከአንተ ጋር መሄድ አልፈራም» አሉኝ። በሕይወቴ ከተሰጠኝ ምስጋና ሁሉ ይኼ ይበልጥብኛል፤ የተሰጠኝ ምስጋና ደግሞ ጥቂት አይደለም።

የፈተናው ቀን ንፋስ ነበር፤ አሸዋው ሜዳውን ያጥበው ነበር። መነሻው መስመር ላይ ቀበቶዬን አስሬ፣ ማርሹን መቆሚያው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። የመጣው የበፊቱ ወጣት መኮንን አልነበረም። በዕድሜ ወደ እኔ የሚጠጋ፣ ጺሙ የነጣ፣ ትከሻው ላይ ምልክት የተደረደረ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሰዎች ከሩቅ አይተው ይነሱለታል። መስኮቴ ላይ ደርሶ ቆመ።

ጉልበቴ ተንቀሳቀሰ። ቀኝ እጄ ወደ ቀበቶው ማሰሪያ መሄድ ጀመረች፤ አየኋት፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ። ልጄን አሰብኩ። ያቺን የመጀመሪያውን ቤት የብረት በር አሰብኩ። እጄን መልሼ መሪው ላይ ጫንኳት። በዚህ ወንበር ላይ የማንንም መምጣት እየጠበቅሁ አይደለም አልኩ በልቤ፤ የተቀመጥኩት ልነዳ ነው።

መኮንኑ ወረቀቴን አገላበጠ። «ያ ሐጅ» አለ፣ «ሰው ሲመጣ አይነሱም እንዴ በአገራችሁ?»

አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጌታዬ። ይነሳሉ። አሁን ግን መሪ ይዣለሁ።»

ከጺሙ ሥር ፈገግ አለ። ዞሮ ጎኔ ገባና «ሂድ» አለኝ።

ሄድኩ። መታጠፊያውን፣ ዳገቱን፣ መስቀለኛውን አለፍኩ። ወደ ኋላ መግባቱን አንድ ጊዜ ብቻ ሞከርኩ፤ ሁለተኛ አላስፈለገኝም። ስጨርስ ማርሹን መቆሚያው ላይ አደረግሁ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ቀበቶ ፈታሁ። ከዚያ ወርጄ፣ ዞሬ፣ የእሱን በር ከፍቼ፣ አጎንብሼ በሁለት እጄ ጨበጥኩት። መኪናው ንቅንቅ አላለም።

«መብሩክ» አለኝ። ሱዳናዊው አስተማሪ ከሩቅ ሆኖ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

ለልጄ ስደውል ሥራ ላይ ነበረች፤ በሹክሹክታ «እሺ?» አለች።

«ሹፌር ነኝ» አልኳት።

ከዚያ ዕቃ ሲወድቅ ሰማሁ። «አባ፣ የማዳምን ድስት ጣልኩ» አለችኝ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

ኢቃማዬ ታደሰ። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ «ሹፌር» ተብሎ ተጽፎበታል። አፓርታማው ከገባን በኋላ በመጀመሪያው አርብ ማማ ከቢራ የመኪናውን ቁልፍ ሰጥተው «ያቺን ልጅህን ምሳ አምጣት፤ ልያት» አሉኝ። ዐዚዚያ ድረስ ነድቼ ከበሯ ላይ ቆምኩ። ልጄ ዓባያዋን ሰብስባ መኪናውን ዞረችው። ጎማውን በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ እንደ እመቤት ከኋላ ገብታ ተቀመጠችና «ሹፌር፣ ያላ!» አለች።

«ፊት ነይ፣ አንቺ ባለጌ።»

ፊት መጣች። ትልቁን መንገድ ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። መብራት ይዞን ስንቆም በአጠገባችን አንዲት ወጣት ሴት መሪ ይዛ ቆማ ነበር። ልጄ አየቻት፤ መብራቱ እስኪለቅ ዐይኗን አልነቀለችም።

«አባ።»

«አቤት።»

«ሴትም እኮ ታወጣለች አሁን። ኮንትራቴ ሲያልቅ... ሰው ቤት ከማደር፣ የሴት ሹፌር የሚፈልጉ ቤቶች አሉ ይላሉ።»

«ኢንሻአላህ። አስተምርሻለሁ።»

«ማንም አላስተማረኝም እያልክ አይደል የምትፎክረው?»

«አንቺንም ማንም አያስተምርሽም። አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ ጎንሽ ቁጭ እላለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ሩኽሳሽን እስክትይዢ ድረስ እዚሁ ነኝ» አልኳት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያለው ጥሩንባውን ነፋ። ልጄ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ በአረብኛ «ቀስ በል ወንድሜ፣ አባቴ ነው የሚነዳው!» ብላ ጮኸችበት። ረጋ ብዬ ተነሳሁና መንገዴን ያዝኩ።